ላልተነዳ መንገድ የተሰጠ ምስክርነት

አንድ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስልኬ ጠራ። የደወለው በአሜሪካ ቨርጂንያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ለእኛ ሲነጋ እነርሱ ገና ለመኝታ እየተዘጋጁ ነው። የእናቱን ጤንነት፣ የሐይቅን ዝናብ፣ የውጫሌን ገበያ ሲጠያይቀኝ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ኪታብም ትገልጣለህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ግን እንዳትስቅብኝ» አለኝ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ «ባልነዳሁት መንገድ ላይ ነዳሁ ብዬ ብጽፍ ሐራም ነው ወይስ ብልጠት?»

አልሳቅሁበትም። እንዲያውም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሳብላላው ዋልኩ። ጥያቄው የአንድ ሾፌር ጥያቄ ይምሰል እንጂ በየቤታችን፣ በየሱቃችን፣ በየቢሯችን በሌላ ስም የሚኖር ጥያቄ ነውና ለአንባብያን ማቅረቡ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ፈትዋ የሚፈልግ ዑለማዎችን ይጠይቅ። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ነው።

ልጁ አምባሰል ውጫሌ ተወልዶ ሐይቅ የተማረ ነው። ትምህርቱ አልገፋ ሲለው ከሐይቅ ደሴ በምትመላለስ አንዲት ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከዚያ ዲቪ ደረሰውና ተሻገረ። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ እንደሚሠሩት እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች በራሱ መኪና በኡበርና በሊፍት ይሠራል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በእነዚህ ኩባንያዎች በኩል የሚሠራ ሾፌር በአሜሪካ የግብር አሠራር የኩባንያው ተቀጣሪ ሳይሆን የራሱን ሥራ የሚሠራ ነጋዴ ተደርጎ ነው የሚታየው። ደመወዝተኛ ስላልሆነ በየወሩ የሚቆረጥበት ግብር የለም። ገቢውን ራሱ ያስታውቃል፤ ወጪውን ራሱ ይቀንሳል፤ በቀረው ላይ ይከፍላል። ከገቢ ግብሩ ሌላ፣ ተቀጣሪ ከአሠሪው ጋር ተካፍሎ የሚከፍለውን የጡረታና የሕክምና መዋጮ እርሱ ብቻውን ይሸከማል፤ መጣኔውም 15.3 በመቶ ነው። ከወጪዎቹ ሁሉ ትልቋ ደግሞ መኪናዋ ናት። ቤንዚኑን፣ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የመኪናዋን እርጅና በደረሰኝ እየለቀመ መቀነስ ይችላል። ይህ ከከበደው ግን መንግሥት ሌላ መንገድ ሰጥቶታል፤ ለሥራ በነዳው በእያንዳንዱ ማይል የተወሰነ ሳንቲም አስቦ ከገቢው ላይ ይቀንሳል። ሒሳቡ እ.አ.አ. በ2023 65.5 ሳንቲም፣ በ2024 67 ሳንቲም፣ በ2025 70 ሳንቲም ነበር።

በእኛ መንገድ እንመዝነው። ከሐይቅ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ 19 ማይል ይጠጋል። በ70 ሳንቲም ሲባዛ 13 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከመንግሥት ካዝና ወጥቶ ለሾፌሩ የሚሰጥ አይደለም፤ ከገቢው ውስጥ ግብር የማይጠየቅበት ክፍል ነው እንጂ። ብዙዎች ይህን ባለማወቅ ስጦታ ይመስላቸዋል። ስጦታ ሳይሆን መብት ነው፤ መኪናዋ በእያንዳንዱ ማይል እያለቀች ነውና።

ታዲያ ማይሉን ማን ይቆጥራል? ራሱ ሾፌሩ ነው። በመዝገቡ ላይ ቀኑን፣ የተነዳውን ማይል፣ የሄደበትን ቦታና የጉዞውን ምክንያት በየዕለቱ እንዲጽፍ ይጠበቅበታል። መዝገቡ ከግብር ማስታወቂያው ጋር አይላክም፤ መሥሪያ ቤቱ ምርመራ ካልከፈተ በስተቀር እቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ቅጹ ግን ይጠይቃል፦ ለሥራ ስንት ማይል፣ ከቤት ወደ ሥራ ለመመላለስ ስንት ማይል፣ ለሌላ ጉዳይ ስንት ማይል ነዳህ? ማስረጃ አለህ? ማስረጃህስ በጽሑፍ ነው? መጨረሻ ላይ ሾፌሩ የሚፈርመው የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑን፣ በሐሰት ቢመሰክር በሕግ እንደሚቀጣ አውቆ ነው።

የአክስቴ ልጅ በዓመቱ ውስጥ በየዕለቱ አልጻፈም። ወቅቱ ሲደርስ ቅጹን የሚሞላለት ሰው ዘንድ ሄደ። ሰውየው የኩባንያዎቹን ማጠቃለያ አየና «ይኼ ትንሽ ነው፤ አምስት ሺህ ማይል ጨምርበት፤ ማንም አይጠይቅህም» አለው። 5,000 ማይል በ70 ሳንቲም 3,500 ዶላር ነው። በልጁ የገቢ መጠን ከዚህ የሚድነው የፌዴራል ግብርና መዋጮ 800 ዶላር ገደማ ይሆናል። ብር ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ 800 ዶላር በውጫሌ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም፤ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ነው። የእናቱ ቤት ጣራ ያፈሳል። ዘንድሮ ሊያድሰው ቃል ገብቷል።

እንግዲህ ፈተናው ይህ ነው። እስቲ ያቀረባቸውን ምክንያቶች እንያቸው፤ ተራ ምክንያቶች አይደሉምና።

የመጀመሪያው «ሁሉም ያደርገዋል» የሚል ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁሉም ስለሚያደርገው ሐላል የሆነ ነገር ካለ የሰዶም ሰዎች ባልጠፉ ነበር።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። «የምከፍለው ግብር ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ? እ.አ.አ. ከጥቅምት 2023 ወዲህ ጋዛ ላይ የወረደውን ቦምብ በስልኬ እያየሁ ነው የምነዳው። ከዚህ ገንዘብ 800 ዶላር ባስቀር ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው?» አለኝ። ወላሂ፣ ለአፍታ መልስ አጣሁ። ይህን የሚል ሰው ሌባ አይደለም፤ ልቡ የቆሰለ ሰው ነው። የሚያነበኝ ሙስሊም ወንድሜና እህቴም ልባቸው ወደዚህ እንደሚያዘነብል አልጠራጠርም።

ነገር ግን ቆም ብለን እንይ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ በተሰደዱባት ሌሊት ቁረይሾች ሊገድሏቸው ቤታቸውን ከበው ነበር። ባልደረቦቻቸውን ያሰቃዩ፣ ንብረታቸውን የወሰዱ፣ ቤተሰባቸውን በረሃብ የቀጡ ሰዎች ናቸው። በዚያች ሌሊት ግን በእርሳቸው ዘንድ በአደራ የተቀመጠ የነዚያው ሰዎች ንብረት ነበር። ዐልይን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ ያስቀሩት ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነው። «ጠላቴ ነው፤ የተወሰደብኝን ላካክስ» ለማለት ከእርሳቸው የተሻለ ምክንያት የነበረው ማን ነው?

ሌላም አለ። ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ) ከመስለሙ በፊት የመንገድ ጓዶቹን ገድሎ ገንዘባቸውን ይዞ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። መስለሙን ተቀበሉት፤ ገንዘቡን ግን አልነኩትም። ጓዶቹ ሙሽሪኮች ነበሩ፤ ሆኖም አምነውት አብረውት የተጓዙ ናቸው። ፉቀሃኦችም ከዚህና ከመሰሎቹ ተነሥተው በአማን፣ ማለትም በደኅንነት ቃል ወደ ሌላ አገር የገባ ሙስሊም የዚያን አገር ሰዎች ገንዘብ መክዳት እንደማይፈቀድለት ጽፈዋል፤ ኢብን ቁዳማ በአል-ሙግኒ ያሰፈሩትን ማየት ይቻላል። ቪዛ ምንድን ነው? ዜግነት ሲቀበሉ የሚገቡት መሐላስ? በዘመናችን ከዚህ የበለጠ የአማን ውል ከየት ይመጣል?

በግብሩ ላይ ተቃውሞ ያለው ሰው ተቃውሞውን የሚያሰማበት መንገድ አለ፤ መንገዱም የታወቀ ነው። ሙሐመድ ዐሊ እ.አ.አ. በ1967 በሂዩስተን ከተማ ለቪየትናም ጦርነት ስሙ ሲጠራ አልንቀሳቀስም አለ። ታምሜአለሁ ብሎ የሐሰት የሐኪም ወረቀት አላቀረበም። የዓለም ሻምፒዮንነቱን ነጠቁት፤ የአምስት ዓመት እስራት ፈረዱበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን እስኪሽረው እስከ 1971 ድረስ ስሙንና እንጀራውን ለአደጋ ሰጥቶ ቆየ። ከእርሱ 120 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የተባለ አሜሪካዊ ባርነትንና በሜክሲኮ ላይ የተከፈተውን ጦርነት ተቃውሞ ግብር አልከፍልም በማለቱ እ.አ.አ. በ1846 አንድ ሌሊት ታስሮ አድሯል። ሁለቱም ፊት ለፊት ነው የተናገሩት። መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ ደብተር ላይ 5,000 ማይል የሚጨምር ሰው ግን ማንን ተቃወመ? መንግሥት አልሰማውም። የጋዛ እናትም አልሰማችውም። እንዲያውም ጥሩ ግብር ከፋይ መስሎ ነው የፈረመው። ተቃውሞ ቢሆን ኖሮ ጣራው ላይ ባልዋለ ነበር፤ ይህን ስለው ዝም አለኝ።

ግብር ራሱ ዙልም ነው የሚሉም አሉ። ከዘካ ሌላ በሙስሊም ገንዘብ ላይ ግዴታ መጣል ይፈቀዳል ወይ የሚለው ጥንትም ያከራከረ ነው። ኢማሙል ገዛሊ የመንግሥት ካዝና ባዶ ሆኖ የሕዝቡ ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ ገዢው ባለሀብቶች ላይ ሊጥል እንደሚችል ፈቅደዋል፤ ሻጢቢም እንዲሁ። ሌሎች ጠበቅ አድርገዋል። ክርክሩ ሰፊ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም፤ የእኛን ጥያቄ ስለማይፈታውም ነው። ግብሩ ዙልም ነው ብንል እንኳ በሐሰት መመስከር በዚህ ምክንያት እውነት አይሆንም። ሐዲሱን የምናውቀው ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባባድ ወንጀሎችን ሲቆጥሩ ተደግፈው ነበር፤ የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ግን ተነሥተው ተቀመጡ፤ ሰሓቦች በቃዎ በሆነ እስኪሉ ድረስ ደጋገሙት። ለሽርክ ያልተነሡት ለዚህ የተነሡት ሰው አቅልሎ ስለሚያየው ነው ይላሉ ዑለማዎች። 5,000 ማይል ጻፍ ያለው ሰውዬም «ቁጥር ብቻ ነው» ነበር ያለው።

ሦስተኛው ምክንያቱ የእናቱ ጣራ ነው። ስለ እናት መናገር ይከብዳል። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ) በንጹሕ ገንዘብ የሚሠራ ጣራ ይወድላታል ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

እስከዚህ ድረስ ያለው ብዙ አንባቢ ሊገምተው የሚችል ነው። እኔን ያስገረመኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ልጁን ያለፈውን ዓመት ሁሉ እንዴት እንደሠራው ጠየቅሁት። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ማይል እንኳ እንዳልቀነሰ ነገረኝ! «ለምን?» ስለው «ማጭበርበር መስሎኝ ነበር» አለ። ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ፣ መኪናዋን አድክሞ፣ ሕጉ የሰጠውን መብት ትቶ በጠቅላላ ገቢው ላይ ከፈለ። በሁለተኛው ዓመት ተሳፋሪ ተቀምጦ የነዳውን ብቻ ቆጠረ። አንዱን አውርዶ ሌላውን ለመጫን ባዶውን የሚሄደውስ? መኪናውን ሥራ ላይ አሰማርቶ፣ አፑን ከፍቶ፣ ጥሪ እየጠበቀ የሚነዳው መንገድ የሥራ መንገድ ነው፤ ይቀነስለታል። ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ይህ ወረዕ አይደለም፤ ባለማወቅ የተጣለ ሐቅ ነው። መብቱን ሳያውቅ የተበደለ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ያካክሰዋል። ልጁም በሦስተኛው ዓመት 5,000 ማይል ሲቀርብለት ልቡ የደነገጠው ግማሽ ብቻ ነበር፤ ግማሹ «ድሮም የተውኩት አለ» ይል ነበር። ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሐቁን በትክክል ያልቆጠረ ሰው ያለሐቁ የወሰደውን የሚለይበት መስፈሪያ የለውም። ሱረቱል ሙጠፊፊን የምታወግዘው ሲቀበል አሟልቶ ሲሰጥ የሚያጎድለውን ነው፤ ስፍሩ እንዲጠፋ አላዘዘችም፤ እንዲስተካከል ነው እንጂ። ሱረቱል በቀራ ውስጥ ያለው ረጅሙ አንቀጽም የሚናገረው ስለ መጻፍ ነው፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሳይሰለቹ። መዝገብ መያዝን የነጋዴ ጉዳይ ብቻ አድርገን ማየታችን ከየት እንደመጣ አላውቅም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቦታ እንግባ። አንዳንዱ ማይል ግልጽ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሹብሃ ነው። ከቤት ተነሥቶ ወደ ሥራ ቦታ መሄድ በሕጉ የግል ጉዞ ነው፤ አይቀነስም። ግን ለኡበር ሾፌር ሥራ ቦታው የት ነው? አፑን በሩ ላይ ቢከፍተውስ? ልጁ ነግሮኝ የማልረሳው ምሳሌ አለ። ጁሙዓ ሲደርስ አፑን ሳይዘጋ ወደ መስጂድ ይነዳል። ቆጣሪው ይቆጥራል። «ያ ማይል የሥራ ነው የግል?» አለኝ። እኔም መልሼ ጠየቅሁት፦ «በዚያች ሰዓት ጥሪ ቢመጣ ትቀበላለህ?» ሳቀና «ኧረ በነቢ! ኹጥባ እንዲያመልጠኝ?» አለ። እንግዲያው መልሱ ከእርሱው አፍ ወጣ። አፑ ቢከፈትም ልቡ ተዘግቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መዝገቡ ቀንና ቦታ ብቻ ጠይቆ አይበቃውም፤ «የጉዞው ምክንያት» የሚል ዓምድ አለው። ያው መንገድ፣ ያው መኪና፣ ያው ቤንዚን ነው፤ ግን በአንዱ ምክንያት ተቀናሽ፣ በሌላው ምክንያት የግል ይሆናል። ግብር ሰብሳቢው ልብ ውስጥ ገብቶ ማየት ስለማይችል ምክንያቱን የሚያውቀውን ብቸኛ ሰው ይጠይቃል፤ ከዚያም የተባለውን ይቀበላል። እኛ ደግሞ ውዱእ ስናደርግ፣ ስንጾም፣ ስንሰግድ ሥራን ሁሉ በኒያ እንድንለይ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይህን የተማረ ሰው የምክንያት ዓምድ ላይ ሲደርስ እጁ ካልከበደው ትምህርቱ የት ሄደ? ኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ የመንግሥት ሥራ ሲጨርሱና ወሬው ወደ ቤተሰብ ጉዳይ ሲዞር በሕዝብ ዘይት የሚነደውን መብራት አጥፍተው የራሳቸውን ያበሩ ነበር ተብሎ ይተረካል። ሲተረክልን ማሻአላህ እንላለን፤ መብራቱን ግን የተረት መብራት አድርገነዋል። የጁሙዓው መንገድና ያ መብራት አንድ ናቸው።

«ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ካለ ወደ አገር ቤት እንመለስ። በእኛ አገር ማይል የሚቆጥር የግብር ቅጽ የለም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ገቢውን ለማግኘት ያወጣውን ወጪ እንዲቀንስ ይፈቅዳል፤ የግል ወጪውን ግን አይፈቅድም። አዋጁ ሲወጣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የነበረው ደረጃ «ሐ» ተብሎ በግምት እንዲከፍል ተደርጎ ነበር፤ ደረጃዎቹ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ተለውጠዋል። በግምት የሚከፍል የባጃጅ ባለቤት ክርክሩ ከገማቹ ጋር ነው፤ «በዛብኝ» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። መዝገብ የሚይዘው የጭነት መኪና ባለቤት ግን በደረሰኝ ይቀንሳል። የቤተሰብ ሰርግ ለመሄድ የተሞላው ነዳጅ በድርጅቱ ስም ደረሰኝ ሲቆረጥለት ስንቶቻችን አይተናል? ዕቃ ሳይገዙ ደረሰኝ ብቻ መግዛትስ? ሐሰተኛ ደረሰኝ በሕግ ወንጀል ነው፤ በየጊዜው ስማቸው የሚወጣ ድርጅቶችንም እናነባለን። የተነበበው አልፎ የሚሄደው ሰውየው «ብልጥ» ስለሚባል ነው።

የነዳጁን ነገርም እናስታውስ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲያድግ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የታለመ ድጎማ ተጀመረ፤ ልዩነቱ በቴሌብር በኩል ይታሰብላቸው ነበር። ሐሳቡ ድሃው ተሳፋሪ ታሪፍ እንዳይጨምርበት ነው። በድጎማው የቀዳውን በጀሪካን ገልብጦ የሸጠ ሾፌር እንደነበረ ግን ማን ያጣዋል? ያ ሾፌር ያልነዳውን መንገድ ነው የጻፈው። ልዩነቱ በቨርጂንያ በብዕር፣ እዚህ በጀሪካን መጻፉ ነው። እዚያ የሚጎዳው ሩቅ ያለ ካዝና ነው ይባል ይሆናል፤ እዚህ የተጎዳችው ከቤት ወደ ገበያ ለመሄድ ቆማ ታክሲ ያጣች ሴት ናት።

የአምባሰል ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም በላይ ሊነካ ይገባዋል እላለሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በእኛው ውጫሌ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነበር። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል መጻጻፍ ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። አንድ ነገር በሁለት መዝገብ ሁለት ሆኖ በመጻፉ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት ድረስ ተሄደ። ጣሊያንን በዚህ ስንወቅስ መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎናል። የውጫሌ ልጅ ደግሞ በቆጣሪው ላይ አንድ፣ በቅጹ ላይ ሌላ ሲጽፍ... ይህን ስነግረው «አንተ ደግሞ ነገር ታሳድጋለህ» አለኝ። ምናልባት።

ወደ ልጁ ጉዳይ ልመለስ። ረዳት ሳለ የሚኒባሷ ባለቤት አንድ አዛውንት ሼኽ ነበሩ። ከመናኸሪያ የተጫነውን ተራ አስከባሪው ይቆጥረዋል፤ በመንገድ የተጫነውን ግን ከሾፌሩና ከረዳቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌሎች ረዳቶች የመንገዱን ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር። ይህ ልጅ ማታ ማታ የመንገዱንም ለሼኹ ቆጥሮ ያስረክብ እንደነበር አባቴ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ሼኹ አይፈትሹትም። አንድ ቀን ብቻ «ልጄ፣ የመንገዱን እኔ አላየሁትም» አሉት። እርሱም «እርስዎማ አላዩትም» ብሎ ዝም አለ። ይህንን አስታወስኩት። በስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

ቅጹ ገና አልተላከም ነበር። በማግስቱ ሰውየውን አስቁሞት የዓመቱን መዝገብ ከምን ማውጣት እንደሚችል ይፈልግ ጀመር። በኋላ የተሠራ መዝገብ በየዕለቱ እንደተጻፈው ጠንካራ ማስረጃ እንዳልሆነ ያውቃል። ቢሆንም ዘይት ባስለወጠ ቁጥር የተሰጠው ደረሰኝ ላይ የቆጣሪው ንባብ ተጽፎ ነበር፤ ስልኩም የተጓዘባቸውን ቦታዎች መዝግቦ ኖሯል፤ የኩባንያዎቹም ማጠቃለያ አለ። ሦስት ሌሊት ከሥራ ሲገባ ተቀምጦ አመሳከራቸው። ጁሙዓዎቹን አወጣ። ወደ ሱቅና ወደ ጓደኛ ቤት የሄደባቸውን አወጣ። ከቤት እስከ መጀመሪያው ጥሪ ያለውን የግል አድርጎ ተወው፤ በዚህ ላይ ሌላ ባለሙያ ቢጠይቅ ከፊሉን ያስመልስለት ነበር ይመስለኛል፤ እርሱ ግን «ሹብሃ ነው፤ ልተወው» አለ። በጥሪና በጥሪ መካከል ባዶውን የነዳው፣ ቀድሞ ሳይቆጥረው የቀረው ማይል ግን 2,300 ሆኖ ተገኘ። ይህ የራሱ ሐቅ ነው፤ ጻፈው። የቀረውን 2,700 ማይል አልጻፈም። አሁን መሪው አጠገብ ትንሽ ደብተር አስሮ በየዕለቱ ይጽፋል፤ ዓምዶቹን በአማርኛ ነው ያሰመራቸው።

ባለፈው ወር ሐይቅ ሄጄ ስመለስ ወደ ውጫሌ አቀናሁና አክስቴን ጠየቅሁ። ቆርቆሮው በአንድ ወገን ተመትቷል፤ በሌላው ወገን አሮጌው እንዳለ ነው፤ ላስቲክ አልብሰውታል። ቡና አፍልተውልኝ፣ ዱዓ ካደረጉልኝ በኋላ «ልጄ፣ ያ ልጅ ደኅና ነው? የላከው ካሰበው አነሰ ብሎኛል። ሥራ ጠፋበት እንዴ?» አሉኝ። ሥራ እንዳልጠፋበት፣ ደኅና እንደሆነ ነገርኳቸው። ለምን እንዳነሰ ልንገራቸው አልንገራቸው እያልኩ ሁለተኛውን ስኒ ጨረስኩ።